እርሳስን ከጋራዥ ወደ ቤት አለማስገባት፦ ለሞጆ ባትሪ ቤቶችና ለቤተሰቦቻቸው

ሞጆ ላይ መኪና የማይቆምበት ሰዓት የለም። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የመጣው ተሳቢ ደረቅ ወደቡ ደጃፍ ተራውን ይጠብቃል፤ ወደ ሐዋሳ የሚታጠፈውም፣ ወደ አዳማ የሚቀጥለውም እዚሁ ትንፋሹን ይሰበስባል። መኪና ባለበት ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበት ደግሞ ባትሪ ቤት፣ ላሜራ ቤት፣ ራዲያተር ቤት አይጠፋም። ብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሚበላው ከዚህ ሥራ ነው። ሥራውን ተዉት ለማለት አልጻፍኩም። የጻፍኩት ከሥራው ጋር አብሮ የሚመጣውን እርሳስ ከሠራተኛው ሰውነት፣ ይልቁንም ከልጆቹ ሰውነት ማራቅ ስለሚቻል ነው። አብዛኛው እርምጃ ሳሙና፣ ውሃና የልማድ ለውጥ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ደረጃ 1፦ እርሳሱ የት እንዳለ ለዩ

ቀዳሚው ምንጭ ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ተዘግቶ መኪና ላይ እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ሲከፈት ነው። ክዳኑ በመሮ ተነስቶ፣ አሲዱ ተደፍቶ፣ ፕሌቶቹ ከየሴሉ ሲመዘዙ ግራጫና ቡናማ ጭቃ ያንጠባጥባሉ። ያ ጭቃ የእርሳስ ውህድ ነው። ወለሉ ላይ ሲደርቅ እንደ ጤፍ ዱቄት ይልማል፤ በጫማ ይረገጣል፣ በመጥረጊያ ይቦናል፣ ጥፍር ሥር ይገባል። የባትሪውን ፖል በብረት ብሩሽ ስትፈትጉ የሚነሳው ነጭ ብናኝም ከዚያው ወገን ነው።

ሁለተኛው ቀለም ነው። በተለይ የቆዩ ቢጫና ቀይ የኢንዱስትሪ ቀለሞች እርሳስ ይኖርባቸዋል። ላሜራ ቤት ውስጥ የመኪና አካል በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን ሲፋቅ ያ ቀለም አቧራ ሆኖ አየር ላይ ይወጣል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባው ግን አሁንም በሩና መስኮቱ ላይ፣ መኪናው ላይ አለ። ሦስተኛው የድሮ የመዳብ ራዲያተር የሚበየድበት ስታኞ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እርሳስና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሠራ ነው።

ቤንዚንስ? ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን መጠቀም ያቆሙት እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጀመሪያ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። እርሳስ ግን አይበሰብስም። ለአሥርት ዓመታት በጭስ የወጣው ዛሬም በአሮጌ መንገዶች ዳር አፈር ውስጥ ይገኛል።

የሞጆን ነዋሪ ስለ መርዝ ስታነሱበት መጀመሪያ የሚጠቅሰው ቆዳ ፋብሪካዎቹን ነው፤ እውነቱን ነው፣ ሽታውና የወንዙ ቀለም አያስረሱም። ነገር ግን ከቆዳ ማልፋት ጋር በዋናነት የሚነሳው ብረት ክሮሚየም ነው። የራሱ ጉዳት አለው፣ መፍትሔውም በፋብሪካውና በተቆጣጣሪው እጅ ነው። እዚህ የማነሳው እርሳስ ሽታ የለውም። ጎረቤት ሳያየው፣ ወንዝ ሳያቋርጥ ቤት ይገባል።

ደረጃ 2፦ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ እወቁ

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምክር ሁሉ ከዚህ ክፍል የሚመነጭ ስለሆነ አትዝለሉት።

እርሳስ የሚገባው በአፍና በአፍንጫ ነው። ባትሪ ቤት የሚገኘው ዓይነት እርሳስ በደህና ቆዳ በኩል የሚገባው ኢምንት ነው። ስለዚህ ፕሌት መንካት ብቻውን አይመርዝም፤ የሚመርዘው እጃችሁ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ቦታ ነው። አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያልፈው ከአሥር እጅ አንድ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ነው። ትንሽ ልጅ ግን እስከ ግማሹ ሊመጥ ይችላል። ሆድ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ሰውነት የብረት ማዕድንና የካልሲየም እጥረት ሲኖርበት፣ መጠኑ በሁሉም ላይ ይጨምራል። ቀልጦ የተነነውና በጣም የላመው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ከደረሰ አብዛኛው ደም ውስጥ ይገባል።

ደም ውስጥ ቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል። የመጀመሪያ ሥራው ሄሞግሎቢን የሚሠራበትን ሂደት ማሰናከል ነው። ሰውየው ቀስ በቀስ ደም ያንሰዋል፤ ይደክመዋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። አዲስ እርሳስ ካልተጨመረ ደም ውስጥ ያለው በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ግን ሁሉም ወጣ ማለት አይደለም፤ ከፊሉ በሽንት ሲወገድ ከፊሉ ወደ አጥንት ይዛወራል።

ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም መለየት ይሳነዋል። ካልሲየም በሚሄድበት ሁሉ እርሳስን ያስገባዋል፤ ወደ ነርቭ፣ ወደ አንጎል፣ ወደ አጥንት። አዋቂ ሰው ውስጥ ከተጠራቀመው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ለመውጣት አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። አጥንት ካልሲየሙን ሲለቅ እርሳሱም አብሮ ይለቀቃል፤ ሴት ስታረግዝና ስታጠባ፣ ሰው ሲያረጅ፣ አጥንት ሲሰበር። በልጅነቷ ባትሪ በሚፈታበት ግቢ ያደገች ሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ስትፀንስ ያ እርሳስ በእንግዴ ልጅ አልፎ ለጽንሱ ይደርሳል።

የአዋቂ ሰው ምልክቶች ራስ ምታት፣ ድካም፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድርቀት ያለበት የሆድ ቁርጠት፣ የእጅና የእግር መዛል ናቸው። መጠኑ ከፍ ሲል የእጅ አንጓ ዝሎ ይንጠለጠላል፤ እጁን ቀና ማድረግ ያቅተዋል። ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የወንድ ዘር ይቀንሳል። ዛሬ እርሳስ በዓለም ላይ ከሚያደርሰው ሞት አብዛኛው በልብና በደም ሥር በሽታ በኩል የሚመጣ ነው፤ ማለትም ሰውየው በግፊት ወይም በስትሮክ ሞተ ይባላል እንጂ እርሳስ ገደለው አይባልም። ቁርጠቱም እንዲሁ ነው። ጨጓራ ነው፣ ታይፎይድ ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጥቶት ሠራተኛው በማግሥቱ ወደዚያው ጠረጴዛ ይመለሳል።

በልጅ ላይ ደግሞ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። የስድስት ዓመት ልጅ ይስቃል፣ ይሮጣል፣ ይበላል፤ ትምህርት ላይ ግን ትኩረቱ አይረጋም፣ የሰማው አይያዝለትም፣ ይቆጣል። አንጎል እየተሠራ ባለበት ዕድሜ እርሳስ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን መንገድ ያበላሻል፤ የተበላሸውም ተመልሶ አይጠገንም። መጠኑ በጣም ሲበዛ የሚጥል በሽታ፣ ራስን መሳት፣ ሞት ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት መሠረት ከዓለም ሕፃናት አንድ ሦስተኛው፣ ወደ 800 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ አለባቸው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በጅማ ከተማ የጋራዥ ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሠራተኞቹን አማካይ የደም እርሳስ መጠን ወደ 20 ማይክሮግራም፣ በጋራዥ የማይሠሩትን ደግሞ ወደ 11 አግኝቶታል። ሁለተኛውን ቁጥር ደግማችሁ ተመልከቱት። በጋራዥ የማይሠራውም ሰው በአማካይ ከ5 በላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄደውን መንገድ ዝጉ

አንድ ነገር ብቻ የማድረግ አቅም ቢኖራችሁ ይህንን አድርጉ።

የሥራ ቦታችሁ ላይ ምንም ነገር አፋችሁ አይግባ። ቁርስ፣ ሻይ፣ የውሃ ሃይላንድ፣ ሲጋራ፣ ማስቲካ፣ ሁሉም ከበር ውጭ ይሁን። በተለይ ጫት። የሚቅም ሠራተኛ በሰዓታት ውስጥ እጁን ስንት ጊዜ አፉ ውስጥ እንደሚያስገባ ራሳችሁ ታውቃላችሁ፤ ቅጠሉን የሚቀነጥሱት ጣቶች ደግሞ ፕሌት የነኩት ናቸው። መቃም ያለበት ሰው ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ከባትሪ ቤት ወጥቶ ይቃም።

መታጠቢያው ምሳ ቤት ሳይሆን ባትሪ ቤቱ በር ላይ ይሁን። ውሃ ከሌለ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ስቀሉ፤ ማንቆርቆሪያም ይበቃል። በሳሙና እጅ፣ ክንድ፣ ፊትና ከንፈር ይታጠባል፤ ጥፍር በብሩሽ ይፈተጋል፤ አፍ ይጉመጠመጣል። በናፍጣ ወይም በቤንዚን መታጠብ ቅባቱን ያነሳል፣ ቆዳውን ግን ይሰነጥቃል፤ አታድርጉት። ጥፍር አጭር ይሁን።

በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ፣ በረመዳን የምትጾሙ፣ ባዶ ሆድ እርሳስን አብዝቶ እንደሚመጥ አስታውሱ። አቧራ የሚያስነሳውን ሥራ ወደሌላ ወቅት ማዛወር ከተቻለ አዛውሩት፤ ካልተቻለ ለመግደፍ ወይም ለማፍጠር ከመቀመጥ በፊት መታጠቡ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ይጥበቅ።

ደረጃ 4፦ ሥራውን እርጥብ አድርጉት

ደረቅ ብናኝ ይነሳል፤ እርጥብ ብናኝ ባለበት ይቀመጣል። ፖል ከመፈተጋችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። ቀለም ስትፍቁ ውሃ የሚቀበለውን የብርጭቆ ወረቀት አርጥባችሁ ተጠቀሙ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ በኮምፕሬሰር መንፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ለመላው ጋራዥ ያድላል። ወለሉን በእርጥብ መወልወያ አጽዱት፤ የመወልወያው ውሃ ጎመን የተተከለበት መደብ ላይም፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ላይም፣ ወደ ወንዝ የሚሄድ ቦይ ውስጥም አይደፋ። ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፤ ጭቃው ሲዘቅጥ ክዳን ባለው ዕቃ ሰብስቡት።

የጨርቅ ማስክ የእርሳስ ብናኝ አያቆምም። ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ ልክ ከተቀመጠ ለአቧራ ይሻላል፤ ለሚቀልጥ እርሳስ ጭስ ግን አትመኑት። ራዲያተር የምትበይዱ ውጭ፣ ነፋስ ጀርባችሁን በሚመታበት በኩል ቁሙ።

እርሳስ አታቅልጡ። በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል፤ አደጋው የመጣው ከዚህ ቅለት ነው። ለባትሪ ፖልም ይሁን ለዓሣ መረብ ክብደት፣ በጓሮ፣ በወጥ ድስት፣ በማንም ፊት አይቅለጥ። የሞተ ባትሪ ሳይከፈት፣ ከነአሲዱ፣ ቆሞ ይሸጥ። አሲዱን ደፍቶ መሸጥ ክብደት ይቀንሳል፣ አፈሩን ግን ይመርዛል።

አንድ ነገር ለባለ ጋራዦች። ባትሪ ቤት ውስጥ ወለል የሚጠርገው፣ ፕሌት የሚለቅመው ብዙ ጊዜ ሥራ ለመልመድ የመጣው ታዳጊ ነው። አካሉ ገና እያደገ ነው፣ አንጎሉም እንዲሁ። ጎማ ይፍታ፣ ዕቃ ያቀብል፤ ከባትሪው ግን አርቁት። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ።

ደረጃ 5፦ ቱታው ሥራ ቦታ ይደር

አባት ማታ ቤት ሲገባ ልጁ ሮጦ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። ፊቱ የሚያርፈው የቱታው ጉልበት ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ የተንበረከከበት ቦታ። ልጁ ከዚያ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል።

ስለዚህ ቱታና የሥራ ጫማ ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ይሰቀሉ። ሻወር ካለ ታጥባችሁ ውጡ፤ ከሌለ ቢያንስ ፊት፣ እጅና ፀጉር። ቱታው ቤት መታጠብ ካለበት በፌስታል ታስሮ ይምጣ፣ ሳይራገፍ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። የምታጥበዋ እናት ወይም ሠራተኛ ጓንት ታድርግ፣ ሳፋውም ለሌላ ነገር አይዋል። የባጃጅ ወይም የመኪና መቀመጫ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

ደረጃ 6፦ ግቢውን ተመልከቱ

የባትሪ ሥራ ከመኖሪያ ግቢ ይውጣ። ለዚህ የሴኔጋልን ታሪክ ማወቅ ይበቃል። ዳካር ዳርቻ ባለው ቲያሮይ ሱር ሜር ሰዎች ለዓመታት ባትሪ እየፈቱ እርሳስ ያወጡ ነበር። የእርሳስ ዋጋ ሲወደድ አፈሩን ራሱን እየነፉ ቅንጣቱን መልቀምና ቤት ማስቀመጥ ጀመሩ። ከእ.ኤ.አ. 2007 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። የሞቱበት ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ እናቶቹ ልጆቻቸውን ምን እንደገደላቸው አላወቁም ነበር።

ቀድሞ ባትሪ ይፈታበት የነበረ ግቢ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ባዶውን አፈር ሸፍኑት። ሲሚንቶ ከተቻለ ጥሩ፤ ካልተቻለ ከሌላ ቦታ የመጣ ንጹሕ አፈር ደልድላችሁ ጠጠር ጨምሩበት ወይም ሣር ትከሉ። ዶሮ እዚያ አታርቡ፤ ዶሮ አፈር ትጭራለች፣ እርሳሱም እንቁላሏ ውስጥ ይገባል። ባዶ የባትሪ ቀፎ ለውሃ መያዣ፣ ለእንስሳት መመገቢያ ወይም ለአበባ መትከያ አይሁን። ቤት ውስጥ ወለሉና የመስኮቱ ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ የልጆች እጅ ከምግብና ከመኝታ በፊት ይታጠብ።

ደረጃ 7፦ ወጥ ቤቱንና ኩሉን

በዚህ አጭር ልሁን። በሕፃን ዓይን ኩል አታድርጉ። በተለያዩ አገሮች ተመርምሮ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ የሆነ ኩል ተገኝቷል፤ ሕፃን ደግሞ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል። እርድ ሳይፈጭ ገዝታችሁ ራሳችሁ አስፈጩ፤ ባንግላዴሽ ውስጥ ቢጫው ደምቆ እንዲሸጥ የእርሳስ ቀለም ይቀላቀልበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አጋልጧል። ከወዳደቀ ብረታ ብረት የቀለጠ የአልሙኒየም ድስት ውስጥ ቲማቲም የበዛበት ወጥ አታሳድሩ፤ ካሜሩን ውስጥ የተፈተሹ መሰል ድስቶች እርሳስ ለቅቀዋል።

ደረጃ 8፦ ወተት መርዝ ያጥባል?

አያጥብም። በየፋብሪካውና በየቀለም ቤቱ ለሠራተኛ ወተት መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ሠራተኛውም ጠጥቶ ተጠበቅሁ ብሎ ያምናል። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም አንጀት ላይ ከእርሳስ ጋር ስለሚሻማ የሚመጠጠውን ይቀንሳል። ደም ውስጥ የገባውን፣ አጥንት ላይ የተቀመጠውን ግን አያወጣም። ወተቱ በማስክና በመታጠቢያ ፋንታ ሲሰጥ ሠራተኛው ተታለለ ማለት ነው።

ምግብ ግን ይረዳል። ጾም ካልሆነ በቀር ሳትበሉ ሥራ አትግቡ። ለካልሲየም ወተት፣ እርጎ፣ በጾም ጎመንና ሰሊጥ፤ ለብረት ማዕድን ምስር፣ ሽምብራ፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛል። ቡናና ሻይ ምግብ ላይ ወዲያው ከተጠጡ ያደናቅፉታልና አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ለልጆች ይህ ከአዋቂው በላይ አስፈላጊ ነው፤ ደም ያነሰው ልጅ እርሳስን አብዝቶ ይመጥጣል።

ደረጃ 9፦ ተመርመሩ፣ ለሐኪሙም ሥራችሁን ንገሩት

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሕመሙን ከመዘርዘር በፊት፣ «ባትሪ ቤት ነው የምሠራው፣ ይህን ያህል ዓመት ሆኖኛል» በሉ። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁም፣ «አባቱ ባትሪ ቤት ይሠራል» በሉ። ያንን ካልሰማ ሐኪሙ እርሳስን የሚያስብበት ምክንያት የለውም። ቀላል የደም ምርመራ ደም ማነስን ያሳያል፣ እርሳስን ግን አይለካም። መለካት ያለበት በደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ነው፤ ጤና ጣቢያው ካልሠራው ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጠይቁ። ደሙ ከመወሰዱ በፊት ክንዳችሁ በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ ቆዳ ላይ ያለ ብናኝ ውጤቱን ያዛባል።

ውጤቱ 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ምንጩ ተፈልጎ እንዲቋረጥ ነው። ልጅ ላይ 45 ከደረሰ እርሳሱን ከደም እየያዘ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ምንጩ ሳይዘጋ መድኃኒቱን መውሰድ ግን ትርጉም የለውም፤ ልጁ ታክሞ ወደዚያው ግቢ ከተመለሰ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ሰው ከፍ ያለ ውጤት ካመጣ አብረውት የሚሠሩት ሁሉ፣ ቤቱ ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡሯ ባለቤቱም ይመርመሩ። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ቁጥሩ የጠበቃችሁትን ያህል ካልወረደ ሁለት ነገር ይመርመር፦ አንደኛ፣ ቱታው በእርግጥ ጋራዥ እያደረ ነው ወይ፤ ሁለተኛ፣ ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆያችሁ። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው አጥንቱ ያጠራቀመውን ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚለቅ ቁጥሩ የሚወርደው በዝግታ ነው። የምርመራውን ወረቀት አትጣሉ፤ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።